ጠያቂ ያጣ መብት



የደብረ ታቦር ከተማና የቡሄ በዓል አንድ ስም ይጋራሉ። ዋዜማው ላይ ችቦ ይበራል፣ በማግሥቱ ሙልሙል ይታደላል፣ ጅራፍ ይጮኻል፣ ቤቱም በልጆች ይሞላል። ከቤተሰቡ የሚጎድሉት በርቀት ያሉት ናቸው፤ አዲስ አበባ ሥራ የያዘው ልጅ፣ ቤይሩት ወይም ሪያድ ያለችው ልጅ፣ ዋሽንግተን የተወለደው የልጅ ልጅ። እነሱን ከበዓሉ ማዕድ ጋር የሚያገናኛቸው ስልክ ነው። አያት መነጽራቸውን አስተካክለው የልጅ ልጃቸውን ፊት በቴሌግራም ወይም በኢሞ ያያሉ፣ ይመርቃሉ፣ ያለቅሳሉም።

በ2015 ዓ.ም. ቡሄ ግን ይህ አልሆነም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሐምሌ 28 ቀን ከታወጀ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር፤ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። መቋረጡ የአንድ በዓል ጉዳይ ሆኖ አልቀረም። አዲስ ዓመቱ፣ መስቀሉ፣ ገናው፣ ፋሲካው አለፈ፤ ለብዙ ወራት ዘልቆ በአንዳንድ ከተሞች የተመለሰው 2016 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲቃረብ ነው።

በነዚያ ወራት በየቤቱ ሁለት ጥያቄዎች ይነሡ ነበር። አንደኛው "መቼ ይመለሳል?" የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ "ማንን እንጠይቅ?" የሚል ነው። የዛሬው ጨዋታችን ስለ ሁለተኛው ነው።

መብራት ሲጠፋ የምንሄድበትን ቢሮ እናውቃለን። ውኃ ሲቋረጥ፣ የልጅ ውጤት ሲበላሽ፣ መሬት ሲነካ የምናመለክትበት ደጅ አለ፤ መልስ ባናገኝ እንኳ ደጁን እናውቀዋለን። ኢንተርኔት ሲዘጋ ግን፣ ወይም የልጃችን ፎቶ ያለ ፈቃድ ሲሠራጭ፣ ወይም በስማችን የተያዘው መዝገብ ሲሳሳት፣ ደጁ የት ነው? በአገልግሎት መስጫው ባንኮኒ ያለችው ወጣት አላዘዘችውም፤ ያዘዘውንም ላታውቀው ትችላለች። የቀበሌው ሊቀ መንበርም አይመለከተውም። ስለዚህ "በዚህ ጉዳይ ላይ ብቻ የቆመ፣ የራሳችን የሆነ የመብት ተሟጋች ማኅበር ያስፈልገናል ወይ?" የሚለው ጥያቄ የምሁራን ጨዋታ ብቻ አይደለም። የቤት ጉዳይ ነው።

ዲጂታል መብት ምንድን ነው?

ቃሉ አዲስ ቢመስልም ነገሩ አዲስ አይደለም። ደብዳቤያችንን ሌላ ሰው እንዳይከፍተው የምንፈልገው፣ ለጎረቤት የነገርነው ምሥጢር አደባባይ እንዳይወጣ የምንጠነቀቀው፣ ሐሳባችንን የመናገርና ዜና የመስማት መብት አለን የምንለው፣ ያው መብት ስልክ ውስጥ ሲገባ ዲጂታል መብት ይባላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ ጥበቃው ደብዳቤን ብቻ ሳይሆን በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትንም ያካትታል። አንቀጽ 29 መረጃ የመፈለግ፣ የመቀበልና የማሠራጨት ነፃነትን፣ አንቀጽ 31 የመደራጀትን፣ አንቀጽ 36 ደግሞ የሕፃናትን መብት ይደነግጋል።

ስለዚህ መብቱ ተጽፏል። የጎደለው ጽሑፉ አይደለም። መብት በወረቀት ላይ ተጽፎ ዕለት ዕለት የሚጠይቀው ሲያጣ ችሮታ ይሆናል፤ ሲሰጡን እናመሰግናለን፣ ሲነሡን እንታገሣለን። ልጆቻችን ኢንተርኔትን የሚያውቁት እንዲህ ነው። እንደ ዝናብ ይመጣል፣ እንደ ዝናብ ይቀራል፤ ለምን እንደቀረ ማንም አይነግራቸውም።

"ትንሽ አገር" ማን ናት?

አንዳንድ ሰዎች እንዲህ ዓይነት ማኅበር የሚያስፈልገው ለትልልቆቹና ለሀብታሞቹ አገሮች ነው ይላሉ። ለእኛ ዓይነቱ ገና ለሚድኸው የውጭዎቹ ይበቁናል ባዮች ናቸው። እስቲ ይህን እንየው።

ኢትዮጵያ በሕዝብ ብዛት ትንሽ አይደለችም፤ ከ100 ሚሊዮን በላይ ነን። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ደቡብ ጎንደር ዞን ብቻውን ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ነበረው። ከአውሮፓ አገሮች አንዷ የሆነችው ሰሜን መቄዶንያ በጠቅላላው ያላት ሕዝብ ከዚህ አይበልጥም። ያቺ አገር ግን ሜታሞርፎሲስ የሚባል፣ በኢንተርኔትና በመብት ጉዳይ ላይ የሚሠራ የራሷ ተቋም ካላት 20 ዓመት አልፏል። ትንሽነት ምክንያት አልሆናትም።

እኛ ትንሽ የምንሆነው በሌላ ሚዛን ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ፍራንሲስ ሃውገን የተባለች የቀድሞ የፌስቡክ ሠራተኛ በብሪታንያ ፓርላማ ፊት ቀርባ መስክራ ነበር። በምስክርነቷ ኢትዮጵያን ለምሳሌ አንሥታለች፤ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ስድስት ዋና ዋና ቋንቋ እየተናገረ፣ የኩባንያው የጥንቃቄ ሥርዓት የሚያግዘው ከስድስቱ ሁለቱን ብቻ እንደሆነ ተናገረች። ከማስታወቂያ ብዙ ገቢ የማይገኝበት ሕዝብ፣ ቁጥሩ የቱንም ያህል ቢሆን፣ በኩባንያዎቹ መዝገብ ትንሽ ነው። እንግዲህ በሩቁ ቢሮ ትንሽ ተደርጎ የሚቆጠር ሰው ነው ይበልጥ ተናጋሪ የሚያስፈልገው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይሉ የለ!

መጀመሪያ በፈተና፣ ቀጥሎ በሌላው

ወላጆች ነገሩን በቅርብ የምታስታውሱት በፈተና ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ ተሠራጨና ተሠረዘ፤ ዳግም ሲሰጥ ማኅበራዊ ሚዲያ ተዘጋ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በፈተናው ሰሞን በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ያን ጊዜ ብዙ ወላጅ "ለልጆቻችን ሲባል ነው" ብሎ ተቀበለው፤ የሚያሳፍርም ነገር የለውም፣ የለፋ ልጅ ውጤቱ በሌባ እንዲበላሽበት ማን ይፈልጋል?

መዘጋቱ ግን በፈተና አልቆመም። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋረጠ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ ስልኩም ኢንተርኔቱም ተዘግቶ ከሁለት ዓመት በላይ ልጅ ከእናቱ ተለያይቶ ኖረ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ታግደው ነበር። ያ እገዳ በተነሣ በሦስት ሳምንት ውስጥ የአማራ ክልሉ መጣ።

ከዚህ ውስጥ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። የትምህርት ሚኒስቴር በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞችን ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች አስገብቶ መፈተን ጀመረ። ይህ የራሱ ጣጣ ቢኖረውም፣ ፈተናን ለመጠበቅ የግድ አገር ምድሩን ማጨለም እንደማያስፈልግ አሳየ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ፈተናው በከፊል በኮምፒውተር፣ በበይነ መረብ ተሰጠ። ውጤት የሚታየውም በድረ ገጽና በቴሌግራም ነው። በሰባት ዓመት ውስጥ፣ ለፈተና ሲባል ይዘጋ የነበረው ኢንተርኔት ራሱ መፈተኛ ክፍል ሆነ። ነፋስ መውጫ ወይም እስቴ ያለ ተማሪ ዳታ ከሌለው አሁን የሚያጣው ጨዋታ አይደለም፤ ወንበሩን ነው።

እንግዲህ በ2009 ዓ.ም. "ሌላ ዘዴ የለም ወይ? ለስንት ሰዓት ነው? ማን ወሰነ? በየትኛው ሕግ?" ብሎ በስክነት የሚጠይቅ የታወቀ ማኅበር ቢኖረን ኖሮ፣ ሌላው ዘዴ ቀደም ብሎ ይገኝ ነበር ማለት ይከብድ ይሆናል። ጥያቄው ግን ይመዘገብ ነበር። መዘጋቱም እንደ ልማድ አይለመድም ነበር።

ለምን ሳይኖረን ቆየ?

ሰው ስላልነበረ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621፣ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ ላይ እንዳይሠራ ይከለክል ነበር። በአገር ውስጥ ገንዘብ ለመብት የሚያዋጣ ብዙ ሰው ባልነበረበት ጊዜ፣ ይህ በሩን መዝጋት ነበር።

በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ደግሞ ዞን ዘጠኝ በሚል ስም በኢንተርኔት የሚጽፉ ስድስት ወጣቶችና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። በክሳቸው ከተጠቀሱት ነገሮች አንዱ የኢንተርኔት ግንኙነትን ከሰርጎ ገቦች ስለመጠበቅ ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። ዛሬ ባንኮች "የይለፍ ቃላችሁን ለማንም አትስጡ" እያሉ በመልእክት የሚያስተምሩን ዓይነት ነገር፣ ያኔ ለሽብር ክስ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። በ2007 ዓ.ም. መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ ከእስር ተፈቱ።

ሕጉ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተካና በሩ ተከፈተ። ከዞን ዘጠኝ ጸሐፊዎች አንዱ በፍቃዱ ኃይሉ ከሌሎች ጋር ሆኖ የመብቶችና ዴሞክራሲ ዕድገት ማዕከልን በዚያው ሰሞን አቋቋመ። ማዕከሉ በአጭሩ ካርድ ይባላል፤ የስልክ ካርድ እንዳይመስላችሁ። ከሥራዎቹ አንዱ ይኸው የዲጂታል መብት ነው፤ የጥላቻ ንግግርን መከታተል፣ ሥልጠና መስጠት፣ ኢንተርኔት ሲዘጋ መናገር። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ከሌሎች የመብት ድርጅቶች ጋር በባለሥልጣኑ ታገደ፤ "ገለልተኛ አይደላችሁም" የሚል ነበር ምክንያቱ። ከወራት በኋላ እገዳው ተነሣ።

እንግዲህ "የለንም" ማለት አይቻልም። አለን፤ ግን ቀጭን ነው። ጽሕፈት ቤቱ አዲስ አበባ ነው፣ ቋንቋው ብዙ ጊዜ የስብሰባ አዳራሽ ቋንቋ ነው፣ ገንዘቡ በአብዛኛው ከውጭ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም ስንት ድርጅት በአንድ ሌሊት ሠራተኛ እንደበተነ አይተናል። በሰው ምሰሶ የቆመ ቤት፣ ባለቤቱ ምሰሶውን ሲያነሣ ይወድቃል።

የውጭዎቹ አይበቁንም ወይ?

የውጭዎቹ ሥራ ትልቅ ነው፤ ልናመሰግናቸው ይገባል። አክሰስ ናው የሚባለው ድርጅት በዓለም ዙሪያ የሚደርሰውን የኢንተርኔት መዘጋት በየዓመቱ ይመዘግባል። እነሱ ግን መጮኽ እንጂ በእኛ ፍርድ ቤት ቆመው መሟገት አይችሉም። የእማማን የማመልከቻ ወረቀት አይጽፉም። ነገር ሠርቶ ያየነው የአገሬው ማኅበር ፋይል ይዞ ሲገኝ ነው።

ዚምባብዌን እንውሰድ። በጥር 2011 ዓ.ም. በነዳጅ ዋጋ ተቃውሞ ምክንያት መንግሥት ኢንተርኔት ዘጋ። የአገሪቱ የጠበቆች ማኅበርና የሚዲያ ተቋም ሐራሬ ላይ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄዱ። በቀናት ውስጥ ፍርድ ቤቱ ትእዛዙን የሰጠው ሚኒስትር ሥልጣኑ የለውም ብሎ ወሰነ፤ ኢንተርኔቱም ተከፈተ። ልብ በሉ፣ ክርክሩ ስለ ፖለቲካ አልነበረም። "የትኛው ሕግ ሥልጣን ሰጠህ?" የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

ቶጎ ከእኛ በጣም ታንሳለች፤ ሕዝቧ ከ10 ሚሊዮን በታች ነው። በ2010 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ተቃውሞ ሲነሣ ኢንተርኔት ተዘጋ። አምነስቲ ቶጎና ሌሎች የአገሪቱ ማኅበራት የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት ዘንድ ከሰሱ፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መዘጋቱ ሕገ ወጥ ነው ተብሎ ተፈረደ፣ መንግሥትም ካሣ እንዲከፍል ታዘዘ።

ኬንያ ውስጥ ደግሞ መንግሥት ለሁሉም ዜጋ ዲጂታል መታወቂያ ለመስጠት ሲነሣ፣ ኑቢያን የሚባሉት አነስተኛ ማኅበረሰብ የመብት መድረክ ከሌሎች ጋር ሆኖ ፍርድ ቤት ሄደ። በጥር 2012 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ መታወቂያውን አላስቀረም፤ ነገር ግን የዘረ መል ናሙናና የመኖሪያ አቅጣጫ መሰብሰብን ከለከለ፣ በቂ የጥበቃ ደንብ እንዲቀድምም አዘዘ። ይህ ለእኛ በጣም ቅርብ ነው። ዛሬ ፋይዳ መታወቂያ ስናወጣ የአሥር ጣታችንን አሻራ፣ የዓይናችንን ምስልና ፎቷችንን እንሰጣለን። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ አሻራ አይቀየርም። በጉና ተራራ ሥር ስድሳ ዓመት ሞፈር የጨበጡ አባት ጣታቸው ተፍቆ ማሽኑ አላነብም ቢላቸውስ? ባንኩ "ያለ ፋይዳ አይሆንም" ቢላቸውስ? በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321፣ ባለ መረጃው ምን እንደተያዘበት እንዲጠይቅና የተሳሳተውን እንዲያስታርም መብት ይሰጠዋል። እኒህ አባት ግን ይህ አዋጅ መውጣቱን ማን ይነግራቸዋል?

"መንግሥት የሚዘጋው ለደኅንነት ነው"

ይህ ሊናቅ የማይገባው ሙግት ነው፤ በኢንተርኔት የሚጻፍ ነገር ሰው ይገድላልና።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ የዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ መምህር ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ከዚያ በፊት ትግራዊ መሆናቸውን ጠቅሶ ስማቸውን፣ ፎቷቸውንና አድራሻቸውን የሚያሠራጭ ጽሑፍ በፌስቡክ ወጥቶ ነበር። ልጃቸው አብርሃም ለኩባንያው በተደጋጋሚ ቢያመለክትም ጽሑፎቹ በጊዜው እንዳልተነሡ በክሱ ገልጿል። ክሱን የመሠረተው ግን የት ነው? ናይሮቢ። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ከአንድ ኢትዮጵያዊ የመብት ባለሙያና ካቲባ ከሚባል የኬንያ ተቋም ጋር ሆኖ ሜታን ከሰሰ። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ።

ባሕር ዳር ከደብረ ታቦር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በባሕር ዳር የፈሰሰ ደም ናይሮቢ ድረስ ሄዶ ጠበቃ ፈለገ። የኩባንያው ይዘት የሚጣራው በዚያ ስለነበር ለክሱ ምክንያት አለው። ቢሆንም አጠገቡ የቆመው ተቋም የጎረቤት አገር መሆኑ፣ ለእኛ አንድ ነገር ሊነግረን ይገባል።

ስለዚህ ደኅንነትን የሚያነሣ ሰው እውነት አለው። ችግሩ መፍትሔው ላይ ነው። ኢንተርኔት ሲዘጋ ገዳዩም ሟችም፣ ሐሰተኛውም አስተባባዩም አብረው ይታፈናሉ። ወሬ ግን አይታፈንም፤ ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳል፣ ማጣሪያ ስለሌለውም ይከፋል። ትክክለኛው ማኅበር ፊቱን ወደ ሁለቱም ማዞር አለበት። መንግሥትን "ለምን ዘጋህ?" ሲል፣ ኩባንያውን ደግሞ "ይህን የጥላቻ ጽሑፍ ለምን አላነሣህም?" ይላል። በአንድ ዓይኑ ብቻ የሚያይ ከሆነ ሕዝቡ አያምነውም፤ ተገቢም አይደለም። የሟቹን ብሔር አይቶ የሚጮኽ ወይም ዝም የሚል ከሆነማ ባይኖር ይሻላል።

ለወጣቶቻችንም የሚተርፍ ሥራ አለው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግር ያሠራጨን እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር መቀጮ ሊያስቀጣው ይችላል። ስንት የ18 ዓመት ልጅ፣ ያገኘውን ሁሉ ለጓደኞቹ የሚያስተላልፍ፣ ይህን ያውቃል? ስንት ወላጅስ ያውቃል?

"በዚህ ጊዜ ቅንጦት ነው"

በደቡብ ጎንደር ግጭት አለ፣ ኑሮ ተወድዷል፣ ትምህርት ቤት የተዘጋበት ቀበሌ አለ። በላይ ጋይንት፣ በእብናትና በስማዳ ሴፍቲኔት ጠብቆ የሚያድር ብዙ ቤተሰብ አለ። "ለእነዚህ ሰዎች ስለ ዲጂታል መብት ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ?" የሚል አለ።

እኔ ግን ተቃራኒው ይመስለኛል። ስልክ ለሀብታሙ ምቾት ነው፤ ለድሃው ግን ባንክ፣ ደብዳቤና መንገድ ነው። ቤይሩት ያለችው ልጅ ገንዘብ መላኳንና በሰላም መኖሯን እናት የምታውቀው በስልክ ነው። ግጭት ሲነሣ መንገዱ ክፍት መሆኑን ሾፌር የሚጠይቀው በስልክ ነው። ስም በመዝገብ ሲሳሳት ሀብታሙ አዲስ አበባ ወርዶ ያስተካክላል፤ ድሃው ድርሻውን ያጣል። ጠበቃ ለሀብታም ብቻ ነው ብለን እንደማንተወው ሁሉ፣ ይህንም መተው የለብንም።

ምን ዓይነት ማኅበር?

እንግዲህ ወደ መልሱ እንምጣ። የራሳችን ማኅበር ያስፈልገናል፤ ግን "የራሳችን" የሚለው ቃል ከባዱ ነው። በኢትዮጵያ ሕግ መመዝገቡና ስሙ አማርኛ መሆኑ ብቻ የራሳችን አያደርገውም።

የራሳችን የሆነ ነገር ምን እንደሚመስል እናውቃለን። እድር አለን። እድር መዋጮው ትንሽ ነው፣ መዝገቡ ግልጽ ነው፣ ዳኛው ይታወቃል፣ ሲያጠፋ ይወቀሳል፣ ሐዘን ሲደርስ ግን ጎረቤቱን ዘሩንም ፓርቲውንም ሳይጠይቅ ድንኳን ይተክላል። ማንም የውጭ ለጋሽ ገንዘቡን ስላቆመ የፈረሰ እድር አልሰማሁም። የዲጂታል መብት ማኅበር ከእድር የሚማረው ይህን ነው። ከሺህ አባላት የሚሰበሰብ ትንሽ ብር አንድ የሕግ ባለሙያ ላይቀጥር ይችላል፤ ግን "አንተ የማን ነህ?" ሲባል መልስ ይሆነዋል።

ሥራውም ሩቅ አይሁን። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቀኑን፣ ቦታውንና ያስከተለውን ጉዳት በመዝገብ መያዝ፤ መዝገብ የሌለው በደል በፍርድ ቤት አይቆምምና። አዲስ አዋጅ ሲረቀቅ አንብቦ በገበሬ ቋንቋ ማስረዳት። የተጭበረበሩትን፣ ፎቷቸው የተሠራጨባቸውን፣ መዝገባቸው የተሳሳተባቸውን ሰዎች ማመልከቻ መጻፍ። ለዚህ ሁሉ ከዜሮ መነሣት አያስፈልግም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ የመስጠት ልምድ አለው፤ ደብረ ታቦርም ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። በሳምንት አንድ ቀን፣ በገበያ ቀን፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወጣቶች ቢቀመጡ፣ "ማንን እንጠይቅ?" ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይሆናል።

አደጋው አይጠፋኝም። የመብት ሥራ በአገራችን ሰው አስሯል፣ ቢሮ አዘግቷል። የትኛውም ወላጅ ልጁ እንዲገባበት ሲፈራ እረዳለሁ። ለዚህ ነው ማኅበሩ የአምስት ደፋር ወጣቶች ብቻ መሆን የሌለበት። አምስቱን ማሰር ይቀላል። መምህሩ፣ ነጋዴው፣ ቄሱና ሼኹ፣ ጡረተኛው ዳኛና የእድሩ ዳኛ ያሉበት ሲሆን ግን ጥያቄው የሽማግሌ ጥያቄ ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአያቶቻችን ምሳሌ ስለ ሸረሪት ድር ቢሆንም፣ ለዘመኑ ድርም ይሠራል።

በዚህ ሳምንት በቤታችሁ አንድ ነገር ሞክሩ። ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ስልካቸው ላይ ምን ሊደረግባቸው እንደማይገባ ጠይቋቸው፤ እናንተም የምታውቁትን ንገሯቸው። ቀጥሎ ባለው የእድር ወይም የማኅበር ስብሰባ ላይ ደግሞ፣ ከመክሰሱ በፊት፣ ይህንኑ ጥያቄ አንሡት፤ ኢንተርኔት ቢዘጋብን፣ መዝገባችን ቢሳሳት፣ ልጃችን ቢጭበረበር፣ ከመካከላችን ጽፎ የሚጠይቅልን ማን ነው? አንድ ስም ከተጠራ፣ ማኅበሩ ተጀምሯል ማለት ነው።